የጉዲቱ ጉሮሮ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ነፋሱ እንደ ልማዱ ከነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ኮረብታ ላይ ተነሥቶ ወደ አዳማ ከተማ ወረደ፤ በፖስታ ቤት በኩል የባጃጆቹን መጋረጃ እያራገበ፣ የጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች የሚያስነሡትን አቧራ በመንገደኛው ዓይንና ጉሮሮ ውስጥ እየነሰነሰ፣ የሱቆቹን ቆርቆሮ እያንኳኳ ዋለ። በሌላ ዘመን ቢሆን ከተሜው ነፋሱን ሲያማርር፣ አንገቱን በሻርፕና በነጠላ ሲጠመጥም ይውል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ስለ ነፋስ የሚያወራ አልተገኘም። ከሩቅ ምሥራቅ የተነሣው ወረርሽኝ አገር መግባቱ በይፋ ተነግሮ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ጉባኤ ተከልክሎ ነበር፤ ጉንጭ ለጉንጭ ካልተሳሳመ ሰላም ያለ የማይመስለው የአዳማ ሰውም ወዳጁን ሲያገኝ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ባለበት መቆም ጀመረ።

ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። የታመሙት ተቆጥረዋል፤ የሞቱት ተቆጥረዋል፤ አዋጁም መመሪያውም በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጧል። ይህ ታሪክ የሚናገረው ግን በሽታው ጭራሽ ሳይነካት፣ ዘመኑ በሌላ በኩል ዞሮ ስላገኛት ስለ አንዲት ሴት ነው።

መምህርት ጉዲቱ ገመቹ ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው በአርሲ፣ በሁሩታ፣ ከስንዴ አራሾች ቤት ነው፤ ኮሌጅ ጨርሳ አዳማ ከተመደበች በኋላ የከባድ መኪና መለዋወጫ ነጋዴ የሆነውን አቶ ጋሮምሳን አግብታ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ እያስተማረች ኖረች። በቤቷ ኦሮምኛ፣ በክፍሏ አማርኛ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ሁለቱንም እያፈራረቀች ትናገራለች፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ስትናገር ሊያቋርጣት የሚወድ ሰው አልነበረም።

ስለ ድምፅ አፈጣጠር የምታስተምርበት ክፍለ ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይወደድላት ነበር። ተማሪዎቿን ጣታቸውን ማንቁርታቸው ላይ እንዲያሳርፉ ታዝና «ዝዝዝ በሉ» ትላለች፤ ከጣታቸው ሥር ሲነዝራቸው ይሳሳቃሉ፤ «አሁን ደግሞ ስስስ» ትላለች፤ ንዝረቱ ይጠፋል። ሳንባ አየሩን እንደ ወናፍ እንደሚገፋ፣ ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት አውታሮች ገጥመው ሲርገበገቡ አየሩ ድምፅ እንደሚሆን፣ ትናጋና ምላስ፣ ጥርስና ከንፈርም ያንን ድምፅ ቃል እንደሚያደርጉት ታስረዳቸዋለች። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ቀልደኛ፣ «ቲቸር፤ የእርስዎ ማንቁርት ግን ሁለት ነው እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አናወጠው፤ እንቅርቷን ማለቱ ነበር። እርሷም አብራ ሳቀች።

እንቅርቱን ከሁሩታ ይዛው የመጣችው ነው፤ እናቷ አዴ ዲንቄም አክስቶቿም አላቸው፤ በዚያ አገር ብዙ ሴት ተሸክማው ትኖራለች፤ እንደ ዘመድም ይለመዳል። ጉዲቱም ለረጅም ጊዜ በሻርፕ ከመሸፈን በቀር ብዙም ልብ አላለችውም ነበር።

ይህች ሴት በከተማው የምትታወቀው ግን በማስተማሯ አልነበረም። በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ኅብረት ውስጥ ሶፕራኖ፣ ማለትም የላይኛውን ቀጭን ድምፅ የምትይዝ ዘማሪት ነበረች፤ ኅብረቱ በሁለቱም ቋንቋ የሚዘምረው አንድ የምስጋና መዝሙር ነበረው፤ በመጨረሻው አዝማች ላይ ዜማው እየወጣ፣ እየወጣ፣ አጃቢው ሁሉ ወደ ኋላ እየቀረ ሄዶ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትቆምበት ከፍታ ላይ ይደርሳል። መዘምራኑ ያንን ቦታ «ዳገቱ» ይሉታል፤ ዳገቱ የጉዲቱ ነበር። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ሳይጮኽ ይሰፋል፤ ሳይወፍር ይሞላል፤ ከሻሸመኔ ዕቃ ጭነው ሲያልፉ እሑድ የዋለባቸው ነጋዴዎች እንኳ እርሷን ሰምተው ለመሄድ ይቆዩ እንደ ነበር ይወራል። ጉዲቱ ባሏን ትወዳለች፤ እናቷን ትወዳለች፤ ማስተማሯንም ትወዳለች፤ ነገር ግን በሕይወቷ ሁሉ እርሷ ራሷ የሆነችው በዳገቱ ላይ ብቻ እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ያልተናገረችበትም ምክንያት አለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ መጋቢ ጋዲሳ ደግ፣ ጸሎተኛና ትሑት ሰው ነበሩ፤ ትሕትናንም አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። በእርሳቸው መንጋ ዘንድ «ዘማሪ ነኝ» ማለት ነውር ነው። ዝማሬ ሙያ አይባልም፤ ተሰጥኦ ተብሎ አይወራም፤ አገልግሎት ነው፤ አገልጋይም ስለ አገልግሎቱ አፉን ሞልቶ አይናገርም። አመስጋኝ ሲመጣ «ክብሩ የጌታ ነው» ብሎ ዓይንን ወደ መሬት መጣል ልማድ ነበር። ጉዲቱም ከሁሩታ መጥታ በኅብረቱ ከተቀበለችበት ዕለት ጀምሮ ይህንን እንደ ሁለተኛ ተፈጥሮ ለመደችው፤ ጋሮምሳ በእንግዳ ፊት «ሚስቴን ስትዘምር ሰምታችኋታል?» ባለ ቁጥር በጠረጴዛ ሥር እግሩን ትረግጠው ነበር።

በዚያ ዓመት እንቅርቱ ዘመድነቱን ረሳ። ወደ ውስጥ፣ ወደ አየር ቧንቧዋ ማደግ ያዘ፤ በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። አዲስ አበባ የሚገኝ የጉሮሮ ሐኪም አይቷት ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ሕክምና እንዲሠራላት ቀጠሮ ይዞላት ነበር፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ቀጠሮው ተሰረዘ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ቆመ። «ወረርሽኙ እስኪያልፍ ታገሺ» ተባለች፤ መቼ እንደሚያልፍ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በሚያዝያ ማለቂያ ሻርፗን ስታስር እንኳ ያፍናት ጀመር፤ ዕቃ ከመኪና ወደ ቤት አግብታ በር ላይ ተደግፋ ትቀራለች። በመጨረሻም ጋሮምሳ ዶክተር ኦሊቃ ወደ ተባለ፣ በአዳማ በአንድ የግል ክሊኒክ ወደሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይዟት ሄደ።

ዶክተር ኦሊቃ ጥሩ ሐኪም ነበር፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል። ብዙ እንቅርት አውጥቷል፤ ሰውን አያቻኩልም፤ ከማስኩ በላይ የሚታዩት ዓይኖቹም ደክመው እንኳ ያዳምጡ ነበር። የጉዲቱን አንገት ዳብሶ፣ የራጅ ምስሉን በመብራት ላይ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ጉዲቱ፤ ይህ የሚቆይ አይደለም። መውጣት አለበት። እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩኝ፤ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መምህርት ነኝ፤ ዶክተር።»

«እንግዲያው ድምፅዎን ብዙ ይጠቀሙበታል ማለት ነው።»

«ያ ሁሉ ልጅ ፊት ሳይጮኹ እንዴት ይሆናል?» አለች፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

«ከማስተማር ሌላ ጉሮሮዎን የሚያደክም ነገርስ አለ?»

ጋሮምሳ ከወንበሩ ላይ ቀና አለ። «እሷ እኮ ዶክተር...» ብሎ ሲጀምር በጠረጴዛው ሥር ጫማው ላይ የሚያውቀው ክብደት ተሰማው፤ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተመለሰ።

«ኧረ የለም፤» አለች ጉዲቱ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰው ሁሉ እንዘምራለን።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ለንግግር የምታስፈልገው ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ እንደምታልፍ፣ እርሷን አጥብቆ እንደሚጠብቅ፣ ሆኖም በእንዲህ ያለ ሥራ አደጋ ፈጽሞ የለም ማለት እንደማይችል በትዕግሥት አስረዳቸው። ጉዲቱም ተስማማች። ውሸት የተናገረች አልመሰላትም፤ ልማዷን ነው የተናገረችው። በኅብረቱ ካሉት መዘምራን ማንኛዋም ብትሆን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላ መልስ አትሰጥም ነበር።

በግንቦት ወር ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ከማደንዘዣው ስትነቃ ነርሷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ «ስምዎን ይንገሩኝ እስቲ» አለቻት። «ጉዲቱ» አለች። ሻካራ ነበር፤ ግን የራሷ ድምፅ ነበር። ጋሮምሳ ከበሩ ውጭ ሆኖ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ወዲያውም ስልኩን አውጥቶ መጋቢ ጋዲሳ ዘንድ ደወለ፤ እርሳቸውም በስልክ ውስጥ በታላቅ ድምፅ እያመሰገኑ ጸለዩ፤ በዚያ ኮሪደር የነበሩ በሽተኞች ሁሉ አሜን አሉ።

ሰኔ ሳይገባ ሻካራነቱ ለቀቃት፤ የንግግሯ ለዛ እንደ ድሮው ተመለሰ። ከሁሩታ አዴ ዲንቄ በየማለዳው እየደወሉ ያናግሯት ነበር፤ የሚደውሉትም ጤናዋን ለመጠየቅ ሳይሆን ድምፅዋን ለመስማት ነበር። «ኢንተለ ኮ፤ ልጄ፤ እስቲ ተናገሪ፤ ዝም ብለሽ ተናገሪ» ይሏታል፤ ስትናገርም «ገለተ ዋቃዮ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያው ነው፤ ያው ድምፅሽ ነው» እያሉ ያለቅሳሉ። የኅብረቱ ሰዎች ደወሉ፤ ተማሪዎቿ ደወሉ፤ ጎረቤቶች ከአጥር ማዶ ሆነው እንኳን ለዚህ አበቃሽ አሏት። ደስታው በዚያ በተዘጋ፣ በፈራ ጊዜ ለሁሉም እንደ መድኃኒት ነበር።

ድምፅዋን እንዳታስጨንቅ ሐኪሙ ለጊዜው ከልክሏት ስለ ነበር እርሷም ታዛ ሳትዘምር ቆየች። በሰኔ አጋማሽ ግን የኅብረቱ አሠልጣኝ፣ ሽማግሌው አቶ ፈቃዱ፣ ኪቦርዱን በባጃጅ ጭነው መጡ፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ዘረጉና «በይ ልጄ፤ ቀስ ብለን እናሟሙቀው» አሏት። አቶ ፈቃዱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዘምራን ያሠለጠኑ፣ ጆሯቸውን የማይደልሉ ሰው ነበሩ።

ከታች ጀመሩ። ደረጃ በደረጃ ወጣች፤ ድምፅዋ ሞቆ፣ ክብ ሆኖ ወጣ፤ አቶ ፈቃዱ በማስካቸው ሥር ፈገግ ማለታቸው ከዓይናቸው ታወቀ። ከዚያ ወደ ላይ አንድ እርምጃ፤ ከዚያ ሌላ። ከዚያ ምንም። አፏ ተከፍቷል፤ ሆዷ ደግፏል፤ ትንፋሿ አለ፤ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ነበር። ጉዲቱ ደንግጣ አንገቷን በእጇ ያዘች።

«ደርቆ ነው፤ ውኃ ጠጪ» አሏት።

ጠጣች። ደገሙት። እዚያው ቦታ ላይ ድምፅዋ ተንሸራትቶ ወደ ታች ወደቀ።

«ብዙ ጊዜ ስላልዘመርሽ ነው። እንደገና።»

እንደገና ሞከረች። በግድ ልታወጣው ስትል ጩኸት መሰለ፤ ከጎረቤት ውሻ ጮኸ። አቶ ፈቃዱ የዜማውን ቁልፍ፣ መነሻ ድምፁን፣ ዝቅ አድርገው «በዚህ እንሞክረው» አሉና መዝሙሩን ራሱን ያዙ፤ ዝቅ ባለው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘለቀችው፤ ግን ዳገቱ ሜዳ ሆነ። ሁለቱም ሰሙት። ሽማግሌው ጣታቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንሥተው መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጠረጉት፤ ሲጠርጉት ብዙ ቆዩ።

«ይመለሳል» አሏት በመጨረሻ። «ለሰው አሁን አትንገሪ። ይመለሳል።»

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ጉዲቱ ከማንጎው ሥር አልተነሣችም። እንደ ሰው ሞት ነበር የተሰማት፤ ለቅሶ የማይደረስለት፣ ድንኳን የማይተከልለት ሞት። ጋሮምሳ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እዚያው አገኛት፤ ነገረችው።

በሐምሌ ወር ዶክተር ኦሊቃ በትንሽ መመልከቻ ጉሮሮዋን አየ፤ «ኢ ይበሉ» አላት፤ አለች፤ ደጋግሞ አየ። ከዚያም መብራቱን አጠፋ።

«አውታሮቹ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ፤ ደህና ናቸው» አለ። «ማንቁርት ግን አንድ አዛዥ ብቻ አይደለም ያላት። ዋናይቱ ነርቭ ወደ ደረት ወርዳ፣ ተመልሳ ወደ ላይ ወጥታ፣ ከእንቅርቱ ጀርባ አድርጋ ትገባለች፤ እርሷን በዓይኔ አይቼ ጠብቄያታለሁ። እርሷ ብትጎዳ ኖሮ ዛሬ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። ሌላ ግን አለች፤ ከላይ በኩል የምትመጣ፣ ከጸጉር ብዙ የማትወፍር። አንዲት ጡንቻ ብቻ ናት የምታዘው፤ ያቺ ጡንቻ ማንቁርትን ወደ ፊት ዘንበል ስታደርግ አውታሮቹ ይወጠራሉ፤ ሲወጠሩ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከፍ ይላል።»

«እንደ ክራር?» አለ ጋሮምሳ።

«እንደ ክራር። መቃኛው ላልቷል እንበል።»

«ለንግግርስ?» አለች ጉዲቱ።

«ለንግግር ብዙም አታስፈልግም። አብዛኛው ሰው ብትጎዳበት እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል።» ዶክተር ኦሊቃ ትንሽ አመነታ። «ወይዘሮ ጉዲቱ፤ እርስዎ ዘማሪት ነዎት እንዴ?»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ» አለች።

«ያን ዕለት ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

ሐኪሙ እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ። «ባውቅ ኖሮ በላይኛው ጫፍ ላይ በርጋታ እፈልጋት ነበር። ብፈልጋትም ላላገኛት እችላለሁ፤ በአንዳንድ ሰው ከደም ሥሩ ጋር ተጠምጥማ ነው የምትመጣው፤ በማሽን የሚፈልጉም አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን የለም። አልዋሽዎትም፤ ምናልባት ሁሉም ያው ይሆን ነበር። ምናልባት ደግሞ አይሆንም ነበር።»

አዲስ አበባ ያለውን የጉሮሮ ሐኪም እንደሚያማክርላት ቃል ገባላት፤ ነገር ግን ያ ወቅት አገሩ የታወከበት፣ መንገዱ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔቱም የተቋረጠበት ነበር፤ ምስሉን መላክ ሳይቻል ብዙ ተቆየ። በኋላ ግንኙነቱ ሲመለስ መልሱ መጣ፤ መልሱም «መጠበቅ ነው፤ በአንዳንዱ ይመለሳል፤ በአንዳንዱ አይመለስም» የሚል ነበር። ይህንኑ ለመስማት ያን ያህል መጨነቃቸው ጋሮምሳን አናደደው፤ የሚቆጣበትን ሰው ግን አጣ።

ጠበቀች። ቤቱ ዝንጅብል በዝንጅብል ሆነ፤ ከእናቷ ዘንድ የሁሩታ ማር መጣ፤ በፎጣ ተሸፍና እንፋሎት ታጠነች፤ ጎረቤት የነገራትን ሁሉ ሞከረች። ማለዳ ማለዳ ወደ ጓሮ ወጥታ በድምፅዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ እዚያው ቦታ ላይ አየር ትሆናለች። አንድ ቀን ጋሮምሳ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ያን ዕለት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ...» አለ።

«እግርህን የረገጥኩህ እኔ ነኝ።»

«ብትረግጪኝስ? እግር ነው እኮ። አፌን አልያዝሽብኝም።»

እጇን በትከሻው ላይ አሳረፈች፤ እርሱም እንዳታየው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

መስከረም ጠብቶ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥቅምት እንደምትከፈት በተነገረ ጊዜ፣ ጉዲቱ መጋቢ ጋዲሳ ዘንድ ሄደች። የሆነውን ሁሉ፣ ሐኪሙ ያላትን ሁሉ፣ በሥርዓት፣ በረጋ አነጋገር ነገረቻቸው። መጋቢው በትኩረት ሰሟት፤ ከዚያም በርኅራኄ ፈገግ አሉ።

«እህት ጉዲቱ፤ አሁን እየሰማሁሽ አይደለም እንዴ? ድምፅሽ እኮ እንደ ድሮው ነው! ሰይጣን ምስጋናሽን ሊነጥቅሽ ፈልጎ ነው፤ አትስሚው።»

«መጋቢ፤ መናገሩ ሌላ ነው። የጎደለኝ ከላይ ነው።»

«ከላይ የሚመጣ ነገር አይጎድልም፤ ልጄ» አሏት፤ እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩላትም።

ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። የጠፋባትን ለማስረዳት አፏን በከፈተች ቁጥር የምታስረዳበት ድምፅ ራሱ ይቃወማት ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ለዛው ያልተነካ፣ ጤነኛ ድምፅ። ሽባ የሆነ ሰው እግሩን ያሳያል፤ የዕውር ዓይኑ ይታያል፤ እርሷ ግን ምን ታሳይ? እናቷም፣ ባልንጀሮቿም፣ ሥራ ሲከፈት የትምህርት ቤቱ ሰዎችም ስትናገር እየሰሙ «ምን ሆንሽና? ይልቅ አመስግኚ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ ጆሯቸው የሰማውን ነበር የሚያምኑት።

በጥቅምት አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተከፈተች። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረው፣ ምእመኑ ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የብዙ ወር ናፍቆት በደረቱ ይዞ ገባ። መጋቢ ጋዲሳ ከስብከቱ በፊት ማይክሮፎኑን ያዙና፣ «በዚህ በመከራ ዘመን ጌታ ያደረገውን አንድ ታላቅ ነገር ትሰማላችሁ፤ እህት ጉዲቱ ወደዚህ ነይ» አሉ። ወጣች። ልትናገር የወሰነችው እውነቱን ነበር፤ በልቧ ደጋግማ አጥንታዋለች።

«ወገኖቼ» አለች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። «ስናገር እንደምትሰሙኝ ደህና ነኝ፤ ነገር ግን...»

«ሃሌ ሉያ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተነሣ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ለቅሶው አንድ ላይ ገነፈለ፤ እናቶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያለቅሳሉ፤ በዚያ ዓመት የቀበሩት ሁሉ፣ የፈሩት ሁሉ በዚህች ሴት ጉሮሮ ላይ የተካሰ መሰላቸው። ጉዲቱ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀች፤ አላሉም። መጋቢው ማይክሮፎኑን ቀረብ አድርገው «ዘምሪልን» አሏት።

አቶ ፈቃዱ ከኪቦርዱ ኋላ ሆነው አዩዋት፤ ቀስ ብለውም ቁልፉን ዝቅ አደረጉ። ማስኳን ሳታወልቅ ጀመረች፤ ታችኛው ዜማ መልካም ነበር፤ ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኖ ከእርሷ ጋር ተወዛወዘ። ወደ መጨረሻው አዝማች ሲቃረቡ ግን በወንበሮቹ መካከል አንድ ነገር ሆነ፤ ያን ሁሉ ወር ዝም ያለው ሕዝብ ብቻዋን ሊተዋት አልቻለም። ሁሉም በየራሱ ቁልፍ፣ በየራሱ ጩኸት፣ እያጨበጨበ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ የሴቶቹ እልልታ ከላይ ሸፈነው። አዳራሹ ተናወጠ። ጉዲቱ በመድረኩ ላይ ቆማ በማስኳ ሥር አፏን ዘጋች፤ ያየ ሰው አልነበረም። አቶ ፈቃዱ ብቻ አንገታቸውን በኪቦርዱ ላይ ደፉ።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት አለፉ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ጉዲቱ ዝም ብላ ወደ አልቶዎቹ፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ ወደሚይዙት ሴቶች ረድፍ ተዛወረች፤ ሰዉም ትሕትናዋን አደነቀ፤ ዳገቱም ለሌላ ወጣት ተሰጠ፤ ልጅቱ መልካም ትዘምረዋለች። ወረርሽኙ ታሪክ ሆነ፤ ስለ አዋጁ የጻፉ አሉ፤ ስለ ኢኮኖሚው፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ ተዘጉት ትምህርት ቤቶች የጻፉ አሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዲት መምህርት በሐኪም ፊት ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ የተናገረችውን ቃል የሚያውቅ የለም፤ ሊያውቅም አይጠበቅበትም።

ቤተ ክርስቲያኒቱም የተመሠረተችበትን በዓል ለማክበር የታሪኳን መጽሐፍ ስታዘጋጅ፣ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት እንዲታረም የአማርኛ መምህርት ወደ ሆነችው ወደ ጉዲቱ ተላከ። ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትጋት አረመችው። ስለ ወረርሽኙ ዘመን በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ፣ «እህት ጉዲቱ ገመቹ ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ከድምፅዋ አንዳች ሳይጎድል፣ በጉባኤው መካከል ቆማ እንደ ቀድሞው ዘመረች» የሚል ተጽፎ አገኘች። የጻፉት ሰዎች ቅኖች ነበሩ፤ በዓይናቸው ያዩትን፣ በጆሯቸው የሰሙትን ነው የጻፉት፤ ሺህ ምስክርም ያቆማሉ። እስክሪብቶዋን ከመስመሩ በላይ ይዛ ብዙ ቆየች፤ ዐረፍተ ነገሩ አንድም የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም። ገጹን ገለጠችና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈች፤ መጽሐፉም በዚያው ታተመ።